ልጄ ሩጫ ይወዳል፣ ግን ሁሌ ከኋላ ነው፤ ምን ልበለው?

ሰላም ወገኖች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ሩጫ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከልምምድ ቀርቶ አያውቅም። ውድድር ላይ ግን ሁሌ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው የሚገባው። ባለፈው 1500 ሜትር ሮጦ የራሱን ሰዓት በ11 ሰከንድ አሻሻለ፤ እኔ በደስታ ላቅፈው ስሮጥ እሱ ጫማውን እየፈታ «አባዬ፣ እኔ ተሰጥኦ የለኝም አይደል?» አለኝ። መልስ ጠፋኝ። «አለህ» ብለው ውሸት መሰለኝ፣ «የለህም» ለማለት ደግሞ አንጀቴ አልቻለም።

በዚህ ዕድሜ አንዱ ቀድሞ ይጎረምሳል፣ ሌላው ይዘገያል፤ አብረውት ከሚሮጡት አንዳንዶቹ በቁመት አንድ ራስ ይበልጡታል። ይሄን ነግሬዋለሁ። ግን «ስታድግ ታሸንፋለህ» ብዬ ቃል መግባት አልፈልግም፣ ላያሸንፍ ይችላላ። የኔ ፍላጎት ሩጫውን እንዳይጠላው ብቻ ነው። ደረጃውን ትቶ ሰዓቱን በደብተር እንዲመዘግብ አስቤ ነበር፤ ሰዓቱ ያልተሻሻለ ቀንስ? ሌላ ጭንቀት እንዳልጨምርበት ፈራሁ።

እንደሱ ዓይነት ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ወይም ራሳችሁ እንደሱ የነበራችሁ፣ ከውድድር ስትመለሱ መንገድ ላይ ምን ብትባሉ ደስ ይላችሁ ነበር? ወይስ ዝም ማለት ይሻላል? እሁድ ሌላ ውድድር አለው።