ድሬ ላይ ለእራት ሼሪ፦ ሁለት ጠርሙስ ብቻ ከሆነ የቱ ያዋጣል?

ከዚራ_ጥላ

ሰላም አቦ። ቅዳሜ ማታ ስምንት ሰው እንቀመጣለን። ምግቡ፦ መክፈቻ የባቢሌ ኦቾሎኒና ሳምቡሳ፣ ከዚያ የተጠበሰ ዓሣ ከአዚፋ ጋር፣ ቀጥሎ ዶሮ ወጥና ለስላሳ ጥብስ፣ መዝጊያ የሐረር ሐልዋ። በተለመደው ወይን ፋንታ ሼሪ (አልኮል የተጨመረበት የስፔን ወይን) ላቀርብ አስቤያለሁ። በጀቱ ሁለት ጠርሙስ ነው። መደርደሪያ ላይ ፊኖ፣ ሚዲየም፣ ክሪምና ኦሎሮሶ የሚሉ አሉ፤ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። የቱ ለገንዘቡ ይበልጥ ያዋጣል? ከየትኛው ምግብ ጋርስ ይሄዳል? የተረፈውስ ስንት ቀን ይቆያል?

ሸዋበር

የመጨረሻው ጥያቄህ ነው መጀመሪያ መመለስ ያለበት። እንደ ድሬ ባለ ሙቀት ሼሪን የሚያስወድደው የሚደፋው ነው።

ፊኖ ከፓሎሚኖ ወይን ፍሬ የሚሠራ ደረቅ (ጣፋጭ ያልሆነ) ነጭ ነው። አልኮሉ ወደ 15 በመቶ ከፍ ይደረግና በርሜሉ ሳይሞላ ይቀመጣል፤ ላዩን ፍሎር የሚሉት የእርሾ ሽፋን ይለብሳል። አየር እንዳይነካው የሚጠብቀው ይህ ሽፋን ነው። ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ግን ሽፋኑ ይቀራል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መድከም ነው፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ኦሎሮሶ ሌላ ነው። 17 በመቶና ከዚያ በላይ ስለሚደረግ እርሾው አይኖርበትም፤ በርሜል ውስጥ ለዓመታት ከአየር ጋር ስለሚበስል አየሩን ለምዶታል። አሞንቲያዶ የሚባለው ሌላ ዓይነት በእርሾ ተጀምሮ በአየር የሚጨርስ ነው፣ መሃል ላይ ቁጠረው።

ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ፊኖ አንድ ሳምንት፣ አሞንቲያዶ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ ኦሎሮሶና ክሪም አንድ ወርና ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ፍሪጁ መብራት እየጠፋ የሚሞቅ ከሆነ ከዚህ ቀንስ።

አሁን ሒሳቡ። 750 ሚሊ ጠርሙስ በ75 ሚሊ ሲቀዳ አሥር ብርጭቆ ነው። ስምንት ሰው ካለ ፊኖው በዚያው ማታ ያልቃል፣ ስለዚህ ለአንተ ያዋጣል። ለባልና ሚስት ብቻ ቢሆን ኖሮ ፊኖን አትንካው፣ ወይም 375 ሚሊውን ግማሽ ጠርሙስ ፈልግ እል ነበር። ሁለተኛውን ደረቅ ኦሎሮሶ አድርገው።

ስትገዛ የምታየው፦

መለያው ላይ «ሄሬዝ» (Jerez) የሚለው ስም ይኑር። ሼሪ የሚመጣው ከደቡብ ስፔን፣ ከሄሬዝ፣ ከሳንሉካርና ከኤል ፑዌርቶ ከተሞች አካባቢ ነው። «ለማብሰያ» የሚል ከተጻፈበት ተወው፣ አብዛኛው ጨው የተጨመረበት ነው።

«ሚዲየም» ካለ ጣፍጧል ማለት ነው፤ አሞንቲያዶ የሚል ቃል አጠገቡ ቢኖርም። በሊትር ከ5 እስከ 115 ግራም ስኳር ድረስ ሚዲየም ስለሚባል አንዱ ሚዲየም ከሌላው በጣም ይለያል። ክሪም ከ115 እስከ 140 ግራም ነው። ስሙ አያሳስትህ፣ ወተት የለበትም።

ፊኖን መስኮት አጠገብ ወይም መብራት ሥር ከቆመ አትግዛ። ቀለሙ የገለባ ያህል የነጣ መሆን አለበት፤ ወደ ቡናማ ካደላ አልፎበታል። ያለፈበት ፊኖ ደግሞ አሞንቲያዶ አይሆንም፣ የተቀጠቀጠ ፖም የሚሸት ድካም ነው።

ስም ከጠየቅክ፦ ቲዮ ፔፔ የታወቀ ፊኖ ነው፤ አልፎንሶ ከጎንዛሌዝ ባያስ ኩባንያ፣ ዶን ኑኞ ከሉስታው ኩባንያ የሚመጡ ደረቅ ኦሎሮሶዎች ናቸው።

ሳቢያን_04

በፊኖው እስማማለሁ፣ ኦቾሎኒውም ዓሣውም የእሱ ነው። አዚፋውም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሎሚና ሰናፍጭ ሌላውን ወይን ያበላሹታል፣ ፊኖ ግን የራሱ ኮምጣጣነት ትንሽ ስለሆነ አይጣላቸውም። እንጀራውንም በዚሁ ምክንያት ይችለዋል።

ለዶሮ ወጥ ግን ደረቅ ኦሎሮሶ? አይሆንም አቦ። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፤ 18 በመቶ የሆነ ደረቅ መጠጥ በደንብ የተቆላ የዶሮ ወጥ ላይ ስትጨምር አፍ ይነድዳል፣ ከዚያ በኋላ የመጠጡም የወጡም ጣዕም አይለይም። ዶሮ ወጥ ከጠጅ ጋር የሚስማማው ለምን ይመስልሃል? ጣፋጩ በርበሬውን ያባብለዋል፣ ከተቁላላው ሽንኩርት ጣፋጭነትም ጋር ይገጥማል። የጠጁን ቦታ የሚይዘው ክሪም ነው። ሁለተኛውን ጠርሙስ ክሪም አድርገው፣ በደንብ አቀዝቅዘህ፣ ብርጭቆው ውስጥ ሁለት በረዶና አንድ ቁራጭ ብርቱካን ጨምረህ ስጥ። በረዶው ሲቀልጥ አልኮሉንም ያቀለዋል፣ ለዚህ ምግብ የሚፈለገውም እሱ ነው።

ከቀይ ወይን ይልቅ ሼሪ መምረጥህ በራሱ ልክ ነው። ቀዩ አፍ የሚሰበስብ ታኒን አለው፣ በርበሬ ሲያገኘው ይሻክራል። ሼሪ ላይ እሱ የለም ማለት ይቻላል።

ሸዋበር

ለዶሮ ወጡ ተሸንፌያለሁ፣ ክሪም ይሻላል። ኦሎሮሶን ያልኩት ጥብሱን አስቤ ነው፤ ሚጥሚጣ ካልበዛበት ጥብስ፣ ለብለብ ክትፎና ቋንጣ እሱን ይወዳሉ። ሁለት ጠርሙስ ብቻ ከሆነ ግን ዶሮ ወጡ ይቅደም።

ከዚራ_ጥላ

እሺ፣ ፊኖና ክሪም። ቅዝቃዜው ስንት ዲግሪ ይሁን? ሐልዋውስ ከክሪሙ ጋር ይሄዳል?

ሳቢያን_04

ፊኖ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ፣ ክሪም 10 ገደማ። «በክፍል ሙቀት» የሚል ምክር ካነበብክ የአውሮፓ ክፍል ነው፤ ድሬ ላይ 30 ዲግሪ የሞቀ ሼሪ አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ይመታል። ፍሪጅ ከቦታ ካነሰ ባልዲ ውስጥ በረዶና ውሃ ግማሽ በግማሽ አድርገህ አንድ እፍኝ ጨው ጣልበት፤ ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ይጠልቅ፣ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። በረዶ ብቻ ካደረግህ በመካከሉ አየር ስለሚቀር ይዘገያል። ትንንሾቹን የአረቄ መለኪያዎች ተዋቸው፣ ሽታው የሚሰበሰብበት የነጭ ወይን ብርጭቆ ሲሶው ድረስ ተቀድቶ ይሻላል። ሰው መጠኑን እንዲያውቅም ንገራቸው፦ 75 ሚሊ ፊኖ ውስጥ ያለው አልኮል 330 ሚሊ ከሆነ 5 በመቶ ቢራ ውስጥ ያለውን ሁለት ሦስተኛ ያህላል። እንደ ቢራ ከተጠጣ ሐልዋው ሳይደርስ እራቱ ያልቃል።

መጋላ_ቡና

ሐልዋውን ከየትኛውም ሼሪ ጋር አታጋጥም። የሚጠጣው በጣፋጭነት ከሚበላው ካነሰ ጎምዛዛ ይመስላል፤ ክሪሙ እንኳ ከሐልዋ አጠገብ ቀጭን ይሆናል። ፔድሮ ሂሜኔዝ የሚባለው፣ ወይኑ ፀሐይ ላይ ደርቆ የሚሠራው፣ በሊትር ቢያንስ 212 ግራም ስኳር አለው፣ ግን ስኳር በስኳር ላይ ነው። እሱን ካገኘህ ሌላ ቀን ቫኒላ አይስክሬም ላይ ሁለት ማንኪያ አፍስስበት። ለሐልዋ የሐረር ቡና፣ ያለ ስኳር።

ከፊኖው 150 ሚሊ ከተረፈ ኩላሊት ሥራበት፤ አንዳሉሲያዎች ኩላሊትን በሼሪ ነው የሚሠሩት። ግማሽ ኪሎ የበግ ኩላሊት ለሁለት ተሰንጥቆ መሃሉ ያለው ነጭ ይወጣል፤ ጨው ባለው ቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፍ፣ ከዚያ በጨርቅ በደንብ ይድረቅ። ድስቱ በጣም ሲግል በጥቂት ዘይት ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብሰህ አውጣው። የወጣውን ውሃ ድፋ፣ ሽታው ያለው እዚያ ነው። በዚያው ድስት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አብስል፣ ፊኖውን ጨምረህ ግማሽ እስኪሆን ይንተክተክ፣ ኩላሊቱን መልሰህ ሁለት ደቂቃ። ሁሉንም አንድ ላይ ከጨመርክ በራሱ ውሃ ይቀቀልና ጎማ ይሆናል። ቃሪያ መጨረሻ ላይ።

ከዚራ_ጥላ

ክሪሙ ግማሹ ቢተርፍስ? እዚያው ጠርሙስ ይቆይ?

ሸዋበር

አይ። በዚያው ማታ፣ አፉ ድረስ ወደሚሞላ ትንሽ ንጹሕ ጠርሙስ ገልብጠህ በደንብ ክደነው፣ ፍሪጅ ውስጥ አቁመህ አስቀምጠው። አየሩ ያነሰ እንደሆነ ዕድሜው ይረዝማል። በሩ ላይ አታድርገው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል።