ኢንተርንሽፕ ማስፈረሚያ ብቻ እንዳይሆን ምን ይደረግ? (ሲቪል ምህንድስና)

መምህር_ሲቪል፦
የ4ኛ ዓመት ኢንተርንሽፕ መመሪያችንን እያሻሻልን ነው። ተማሪው አንድ ሴሚስተር ሳይት ከርሞ የሚያስረክበን ሎግቡክ (በየጊዜው የሚያስፈርመው የሥራ መዝገብ)ና ከኢንተርኔት የተገለበጠ የድርጅት ታሪክ ነው። ሞመንት (የኃይል የማጠፍ ውጤት) ያሰላል፤ ቴክኦፍ፣ ማለትም ከድሮዊንግ ላይ የሥራውን መጠን ለክተህ አውጣ ሲሉት ግን ይደነግጣል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ባለ ምርጫ ጥያቄ ስለሆነ ይህን አያጣራም። ሳይት ያላችሁ ሰዎች፣ ምን ይዞ ቢመለስ ሠርቷል ትላላችሁ?

ኦፊስ_ኢንጂነር፦
ሪፖርቱን ተዉት። ለአንድ ሥራ፣ ለምሳሌ ለፉቲንግ (ከኮለን ሥር ላለው የመሠረት ኮንክሪት)፣ ቴክኦፍ፣ የፌሮ ስኬጁል (የፌሮዎቹን ብዛትና ርዝመት የሚዘረዝር ሰንጠረዥ) እና የክፍያ ሰርተፊኬት (ተቋራጩ ለሠራው ክፍያ የሚጠይቅበት ወረቀት) ሠርቶ ያምጣ።

2 ሜትር በ2 ሜትር ፉቲንግ፣ ከቨር (ፌሮውን የሚሸፍነው ኮንክሪት) በየጎኑ 5 ሳ.ሜ፣ ባለ 12 ሚ.ሜ ፌሮ በየ15 ሳ.ሜ እንበል። ከቨሩ ከሁለቱም ጎን ሲቀነስ 190 ሳ.ሜ ይቀራል፤ 190 ለ15 ሲካፈል 12.67፣ አንድ ሲደመር 13.67፤ ወደ ላይ ይጠጋጋና 14። በሁለቱም አቅጣጫ 28። ጫፎቹ 20፣ 20 ሳ.ሜ ከታጠፉ አንዱ 2.30 ሜትር ነው፤ ድምሩ 64.4 ሜትር፣ በአንድ ሜትር ክብደቱ በ0.888 ኪሎ ሲባዛ 57.2 ኪሎ። ተማሪው እዚህ ያቆማል። ፌሮው የሚገዛው ግን በ12 ሜትር ቤርጋ (ሙሉ ዘንግ) ነው፤ ከአንዱ 5 ቁራጭ ወጥቶ ግማሽ ሜትር ይተርፋል። ለ28ቱ 6 ቤርጋ፣ ማለትም 63.9 ኪሎ ያስፈልጋል። የሚከፈለው በተጣራው 57.2 ነው። ብክነቱ ነጠላ ዋጋው ውስጥ ካልታሰበ ተቋራጩ ከኪሱ ይከፍላል። ይህን ልዩነት በቃል የሚያስረዳ ተማሪ ካገኛችሁ ነገ ይቀጠራል።

ሳይት_ላይ፦
በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ግን የትኛው ተቋራጭ ነው ክፍያ የሚጠየቅበትን ወረቀት ለተለማማጅ የሚሰጠው? ስህተቱ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ጎን ለጎን ይሥራ፦ ድሮዊንጉን ብቻ ይቀበል፣ የራሱን ቴክኦፍ ይጨርስ፣ ከዚያ አማካሪው ካጸደቀው ጋር መስመር በመስመር ያስተያይ። ልዩነቱ በብዛት የሚመጣው የግንኙነት ቦታ ሁለቴ ሲቆጠር ነው፤ ቢሙ (አግዳሚው) ኮለን (ቋሚው ምሰሶ) ውስጥ የሚገባበት ኮንክሪት ማለቴ ነው።

ላብ_ቴክኒሺያን፦
ወረቀት ብቻ አታድርጉት እንጂ። ስላምፕ (ያልጠነከረ ኮንክሪት ከኮኑ ሲለቀቅ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚለካበት ሙከራ) በእጁ ይሥራ፦ 30 ሳ.ሜ ኮን፣ በሦስት ንብርብር ይሞላ፣ ለእያንዳንዱ 25 ምት፣ ኮኑ ቀጥ ብሎ ይነሳ። ሙያተኛው «ደረቀ» ብሎ ውሃ ሲጨምርበት ስላምፑ እንዴት እንደሚዘል ያያል፤ በ28 ቀን ኪዩቡ (ከዚያው ኮንክሪት ለሙከራ የተወሰደው ናሙና) ሲሰበር ደግሞ ጥንካሬው የት እንደገባ። ኪዩቡ ፀሐይ ላይ ከተረሳ ግን ውጤቱ ስለ ኮንክሪቱ ምንም አይናገርም፤ ሻጋታው በተፈታ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይግባ።

መምህር_ሲቪል፦
ለአንድ መምህር ብዙ ተማሪ ይደርሰዋል። ማን ያርመው?

ኦፊስ_ኢንጂነር፦
ሁሉን ማረም አያስፈልግም። ድሮዊንጉን ይዞ ይቅረብ፤ መምህሩ ከስኬጁሉ አንድ መስመር መርጦ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ይበለው። የገለበጠው 10 ደቂቃ አይቆይም። የሎግቡኩን ነጥብም ወደዚህ አዙሩት፤ ነጥቡ እዚያው ከቀረ ተማሪው አሁንም ፊርማ ሲለቅም ይከርማል።