ቸርችል ጎዳና ላይ የዝሆን ጥርስ ሲሸጥ ካየሁ ለማን ነው የምናገረው?

የፒያሳው፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ሰሞኑን ከውጭ የመጣች ዘመዴን ይዤ ስጦታ እቃ ልናይ ቸርችል አካባቢ አንድ ሱቅ ገብተን ባለሱቁ ከመደርደሪያው ስር በጨርቅ የተጠቀለለ አምባር አወጣና "ኦርጅናል የዝሆን ጥርስ ነው፣ የድሮ ስለሆነ ችግር የለውም" አለን። ሳንገዛ ወጣን ግን በጣም ነው የከነከነኝ። ፖሊስ ጋ ብሄድ ይሰሙኛል ወይስ ይሄ የፓርክ ጠባቂዎች ስራ ነው?

ሕግ ነክ፦
እንዴ ፖሊስንማ በደንብ ይመለከተዋል! አዋጅ 541/1999ን እየው፣ የዱር እንስሳ ውጤት ያለፈቃድ መያዝም መሸጥም ማዘዋወርም ወንጀል ነው፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስር ወይም ከ5 ሺህ እስከ 30 ሺህ ብር ወይም ሁለቱንም ያስቀጣል። "የድሮ ነው" ማለት ፈቃድ አይሆንም። ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣንም ሄደህ መናገር ትችላለህ፣ ባለሙያ ስላላቸው እቃው አጥንት ይሁን ጥርስ ይለዩታል። ብቻ ለማስረጃ ብለህ እንዳትገዛ፣ አንተው ተጠያቂ ትሆናለህ።

ባቢሌ፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥህ ስለጠየቅክ። እኔ ወደ ባቢሌ ዝሆን መጠለያ በስራ እመላለስ ነበር፣ ስካውቶቹ በዛ ሙቀት ያን ሁሉ በረሃ በእግራቸው ነው የሚጠብቁት፣ አዳኞቹ ደግሞ መሳሪያ አላቸው፣ ብዙ ጊዜ ስካውቱ የሚደርሰው ዝሆኑ ከወደቀ ጥርሱም ከተወሰደ በኋላ ነው ከዛማ ምን ያደርጋል። ጥርሱ ብር የሚሆነው ከተማ ሲገባ ወይ በቦሌ ሲወጣ ስለሆነ እዚህ ያለው ፖሊስ፣ ጉምሩክና ዐቃቤ ሕግ ካልያዘው ስካውቱ ብቻውን ምንም አያመጣም። መጋቢት 2007 ላይ እዚሁ አዲስ አበባ ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ ተቃጥሏል፣ የስንት ዝሆን ነፍስ እንደሆነ አስቡት። ቅጣቱ ደግሞ በጣም ያናድደኛል፣ 5 ሺህ ብር አዋጁ ሲወጣ ብር ነበር፣ አሁን ጥሩ ጫማ አይገዛም፣ ዳኛው እስሩን ትቶ ዝቅተኛውን ብር ከጣለ ሰውየው ከፍሎ በነጋታው ሱቁን ይከፍታል።

የፒያሳው፦
አመሰግናለሁ በጣም። ሰኞ ሄጄ እናገራለሁ፣ ምን ይዤ ልሂድ?

ሕግ ነክ፦
የሱቁን ቦታ በትክክል፣ ያየህበትን ቀንና ሰዓት፣ እቃውን ከየት እንዳወጣው። ዘመድህ ሳትመለስ ከሆነ አብራችሁ ሂዱ፣ ሁለት ምስክር ይሻላል።