ሠራተኛ ወይስ ጆሮ ጠቢ? የስታሲን ሰው በየትኛው ቃል እንጥራው

ጥያቄ፦ ስለ ምሥራቅ ጀርመኑ የስለላ ድርጅት ስለ ስታሲ የተጻፈ እየተረጎምኩ ነው። አንዱ ቦታ 91 ሺህ ሰው ነበረው ይላል፣ ሌላው ቦታ ከ260 ሺህ በላይ። ሁለቱም ላይ «ሠራተኛ» ብዬ ጻፍኩና ደስ አላለኝም። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው ወንድሜ። 91 ሺህ የሚባሉት በ1989 እ.ኤ.አ. ደመወዝ የተቆረጠላቸው ቋሚ ሠራተኞች ናቸው። የቀሩት ግን የጎረቤታቸውን፣ የሥራ ባልደረባቸውን፣ አንዳንዴም የገዛ ባላቸውን ወይም ሚስታቸውን ወሬ ያቀብሉ የነበሩት ናቸው። ለነዚህ አማርኛ ድሮም ቃል አለው፤ ጆሮ ጠቢ።

ቃሉን ቀረብ ብለህ እየው። «ጠቢ» ጡት ጠባ ከምንለው ነው። እኔ እንደሚገባኝ፣ ሕፃን ከጡት እንደማይላቀቅ ይሄም ከአለቃው ጆሮ ሥር አይጠፋም። ልጅ ሆኜ አክስቴ ሬዲዮ ስትሰማ ድምፁን ቀነስ ታደርግና በአገጯ ወደ አጥሩ እያመለከተች «ጆሮ ጠቢ አይጠፋም» ትል ነበር። ሰውየው የት እንደሚሠራ አታውቅም። አናጺ ሊሆን ይችላል፣ አስተማሪም ሊሆን ይችላል፣ እንጀራው ሌላ ነው። ለዚህ ነው «ሠራተኛ» ስትለው የሚጎረብጠው። ነጭ ለባሽ ብትለውም አይሆንም፣ እሱ ዩኒፎርሙን አወለቀ እንጂ ተቀጣሪ ነው።

ያሳሳተህ ጀርመንኛው ራሱ ነው። ጠቋሚዎቹ መጀመሪያ «ምስጢራዊ መረጃ ሰጪ» ነበር የሚባሉት፣ በ1968 ግን ስታሲ ስማቸውን ለወጠና «ይፋዊ ያልሆነ ሚትአርባይተር» አላቸው። ሚትአርባይተር ቃል በቃል አብሮ የሚሠራ ማለት ነው፣ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ደግሞ ሠራተኛ። ደመወዝተኛውም አሳባቂውም አንድ ቃል ተጋሩ። ይሄ ሁሌ ያናድደኛል፣ ጓደኛን ማሳበቅ በአንድ መመሪያ ሥራ ሆኖ ቁጭ አለ።

ጥያቄ፦ የሠራተኛው ቁጥር ሲጨምርስ «አደገ» ልበል?

መልስ፦ እኔ ብሆን «አበጠ» እላለሁ። በ1950 ሲቋቋም ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ነበር። በ1970ዎቹ ከምዕራብ ጀርመን ጋር ያለው ውጥረት ሲላላና ከዚያ የሚመጣው ጠያቂ ዘመድ ሲበዛ፣ ይቀንሳል ሲባል ቅጥሩ ጭራሽ ባሰ፣ እንግዳውን ሁሉ የሚከታተል ያስፈልጋላ! መጨረሻ ላይ 16 ሚሊዮን በሚሆን ሕዝብ ውስጥ ለ180 ሰው አንድ ቋሚ ሠራተኛ ደረሰ።

የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ላለው ደግሞ «ተቀነሱ» እንዳትል። ቅነሳ የሚባለው መሥሪያ ቤቱ ሲቀጥል ነው፣ እዚህ ድርጅቱ ራሱ ስለፈረሰ «ተበተኑ» በል። ጆሮ ጠቢዎቹን ግን ማን ያሰናብታቸዋል? ከ1992 ጀምሮ ሰዎች ስለራሳቸው የተያዘውን ፋይል ገልጠው ማንበብ ሲጀምሩ የሆነውን ጻፍ፦ «ታወቁ»።