ኬንያ «የጨረሰችው» ጉዳይ

አራት ኪሎ፦ ትናንት በሬዲዮ አንድ ተንታኝ «በቅድመ አንደኛ ደረጃ የሴትና የወንድ ሕፃናት እኩልነት ኬንያ የጨረሰችው ጉዳይ ነው፤ እኛ ገና ነን» ሲሉ ሰማሁ። ሕፃናት ከትምህርት ርቀው የሚገኙባቸውን የሰሜን ኬንያ በረሃማ አካባቢዎች፣ ማንዴራንና ቱርካናን፣ ረስተው ነው «የጨረሰችው» ያሉት? ደም ግፊቴ ተነሣ።

የኢስትሌይ ልጅ፦ ደም ግፊቱን ለሐኪም ንገር። እኔ የምኖረው ናይሮቢ ነው። የጎረቤቶቼ ሴት ልጆች ከወንዶቹ ጋር ፒፒ አንድ (የቅድመ አንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ዓመት) ገብተው ፒፒ ሁለትን ይጨርሳሉ። እ.ኤ.አ. የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት ሥራውን ለካውንቲዎች (ለአካባቢ መስተዳድሮች) ሰጥቷል፤ ተጠያቂው ይታወቃል። እኛ ግን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓሮ አንድ ክፍል ለጥፈን «ዜሮ ክፍል» እንላለን።

ጡረተኛዋ መምህርት፦ ልጄ፣ ያ የተለጠፈው ክፍል ባይኖር የገጠሯ ልጅ የት ትገባ ነበር? ከዚያ በፊት መዋእለ ሕፃናት የከተማና የከፋይ ነበር። የሚማረው ጥቂት ነው፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ ሴቷንም ወንዱንም ይልካል፤ ስለዚህ ንጽጽሩ ያን ያህል አያሳፍርም ነበር። በሩ ለገጠር ተከፍቶ፣ ታናሿን የምታዝለው ልጅ እቤት ስትቀር ቢታይ ወደ ኋላ ሄድን ልትል ነው?

የኢስትሌይ ልጅ፦ ኋላ መቅረታችንም ስኬት ሆነ! እንኳን ደስ አለን።

ሒሳብ ወዳድ፦ እኩልነቱ ሲለካ የሴቶቹ የተሳትፎ ምጣኔ ለወንዶቹ ምጣኔ ይካፈላል፤ ዩኔስኮ ከ0.97 እስከ 1.03 ያለውን እኩል ይለዋል። ከመቶ ሴቶች አምስት፣ ከመቶ ወንዶችም አምስት ቢማሩ ውጤቱ 1 ነው። ዘጠና አምስቱ እቤት ተቀምጠው «ጨረስን»! ዕድሜውም አይገጥምም። ፒፒ አንድና ሁለት የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች ናቸው። እኛ አንደኛ ክፍል የምናስገባው በ7 ነው፤ የ2015 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲያችን ደግሞ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል።

አራት ኪሎ፦ ይኸው!

የኢስትሌይ ልጅ፦ ምኑ ነው ይኸው? ሒሳብ ወዳድ ያለው ሁለታችንንም ይመታል።

የሞያሌው፦ የእኛን ከተማ ድንበር ለሁለት ከፍሏታል። ወዲህም ቦረና ነው፣ ወዲያም ቦረና። ድርቅ ሲመጣ ከብቱን ተከትሎ የሚሄደው ቤተሰብ ሴት ልጁንም ወንድ ልጁንም ይዞ ነው። ማነጻጸር የፈለገ አዲስ አበባንና ናይሮቢን ትቶ እዚህ ይምጣ። ዱክሲ ቁርኣን የሚማረውንስ ሕፃን ማን በየትኛው መዝገብ ቆጠረው?

አራት ኪሎ፦ የቄስ ትምህርት ቤቱንም ጨምር።

የኢስትሌይ ልጅ፦ ብትጨምረው ይብስብሃል፤ እዚያ የሚቀመጠው ወንድ ብቻ ነው።

ጡረተኛዋ መምህርት፦ ማን ነገረህ? እኔ ሀሁ የቆጠርኩት የኔታ ፊት ቁጭ ብዬ ነው፤ ከአጠገቤም ሴቶች ነበሩ።

የኢስትሌይ ልጅ፦ እርስዎን አላልኩም፣ እማማ።

ጡረተኛዋ መምህርት፦ «ወንድ ብቻ» ብለህ እኔን አላልክም?

ሒሳብ ወዳድ፦ ከመዋእለ ሕፃናት ተነሥተን የኔታ ዘንድ ደረስን።

የኢስትሌይ ልጅ፦ አራት ኪሎ፣ ያንገበገበህ ኬንያ አይደለችም። «እኛ ገና ነን» መባሉ ነው።

አራት ኪሎ፦ ገና መሆናችንን መች ካድኩ? የሰሜን ኬንያዋ ዋጂር መቼ ጨረሰች? እሱን መልስልኝ።

የኢስትሌይ ልጅ፦ አንተ ዋጂርን በካርታ ላይ ታውቃታለህ?