አቮካዶዬ በክረምቱ እየደረቀብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። ዛፍ የምታውቁ ሰዎች፣ እባካችሁ እርዱኝ።

የምኖረው አቃቂ ነው። ጓሮዬ ውስጥ የተዳቀለ ሃስ አቮካዶ አለ። ከ4 ዓመት በፊት እናቴ ናት በእጇ የተከለችው። አምና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍርቶ 11 ፍሬ ለቀምን። ዘንድሮም ሰኔ ላይ ደህና ነበር። ሐምሌ ሲጋመስ ግን ቅጠሉ ገረጣ። አሁን ጫፍ ላይ ያሉት ቅርንጫፎች ቅጠላቸው ረግፎ ባዷቸውን ቀርተዋል።

አፈራችን መረሬ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ያቁራል። ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ግንዱ ሥር ውሃ ተኝቶ ያድራል። ትናንት ዳር ዳሩን ቆፈር አድርጌ አየሁት። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ጠቁረዋል፤ በጣቴ ስነካቸው ብጥስ ይላሉ። ወደ ግንዱ የተጠጉት ግን ገና ነጭ ናቸው። ተስፋ የሰጠኝ እሱ ነው።

የአቮካዶ ሥር ጥልቅ አይወርድም፤ ውሃ ከተኛበት አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ጎረቤቴ ግን «ማዳበሪያ አንሶት ነው፣ ዩሪያ ጨምሪበት» ይሉኛል። እኔ ፈራሁ። የታመመ ሥር ላይ ዩሪያ ጭራሽ ቢያቃጥለውስ?

ውሃው እንዲወጣ ዙሪያውን ቦይ ልቆፍር ወይስ ሥሩን እጎዳዋለሁ? ከግንዱ ምን ያህል ልራቅ? የደረቁትን ቅርንጫፎችስ አሁን ልቁረጥ ወይስ መስቀል እስኪያልፍ ልጠብቅ? መረሬ ላይ አቮካዶ ያዳናችሁ ካላችሁ፣ ያደረጋችሁትን በዝርዝር ንገሩኝ። እናቴ ጠዋት ጠዋት እየወጣች ታየዋለች።