መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን የዋለ ኢንሱሊን ይጣላል?

የአቤል እናት፣ ኮዬ ፈጬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ዓይነት 1 ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ስምንት ወሩ። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋዋለሁ። ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ፤ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ብልቃጥ ነበረኝ፣ አንዱ የተከፈተ፣ ሁለቱ እንደታሸጉ። ጎረቤቴ «ሙቀት ነክቶታል፣ ልጁን ትጎጂዋለሽ፣ ጣዪው» አለችኝ። የጤና ጣቢያ ቀጠሮዬ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ከግል ፋርማሲ ልግዛ ብል እጄ ላይ ምንም የለም። ትናንት ማታ እጄ እየተንቀጠቀጠ ከተከፈተው ወጋሁት። ዛሬ ጠዋት ስለካው 148 ነው። ምን ላድርግ?

ሌላም አለኝ። ባለቤቴ ስኳርን የሚያስቆም መድኃኒት ውጭ አገር ተገኘ የሚል ቪዲዮ አይቶ፣ ዕቁባችን ሲወጣ እናስመጣለት እያለኝ ነው። እውነት ነው?

ፋርማሲስት፣ ቃሊቲ፦
እህቴ፣ እንዳትጥዪው። መርፌውንም እንዳታቋርጪበት። ዓይነት 1 ላለበት ልጅ ትልቁ አደጋ ያለ ኢንሱሊን መዋል ነው። ጠዋት ያየሽው 148 ራሱ መድኃኒቱ እየሠራ እንደሆነ ይነግርሻል።

ፍሪጅ የሚያስፈልገው ለወራት እንዲቆይ ነው እንጂ በሁለት ቀን ስለሚበላሽ አይደለም። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆች 2021 ያወጡት ጥናት አለ። ቦታውም ሩቅ አይደለም፤ ኬንያ ውስጥ ያለው የዳጋሃሌይ የስደተኞች መጠለያ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ሙቀት መዘገቡ፤ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ይወጣል ይወርዳል። ያንኑ ሙቀት ቤተ ሙከራ ውስጥ ፈጥረው ኢንሱሊኑን አራት ሳምንት አቆዩት። ፍሪጅ ከቆየው ጋር ሲያስተያዩት ኃይሉ ያው ነው። በ2023 ደግሞ ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት ጥናቶቹን አሰባስቦ፣ ያልተከፈተ ብልቃጥ እስከ 25 ዲግሪ ስድስት ወር፣ እስከ 37 ዲግሪ ሁለት ወር እንደሚቆይ አስቀምጧል። ኮዬ ደግሞ ከዳጋሃሌይ በጣም ይቀዘቅዛል።

የታሸጉትን ፍሪጅ መልሻቸው፣ ግን ቀድመሽ ተጠቀሚባቸው። በተከፈተው ላይ የከፈትሽበትን ቀን ፕላስተር ለጥፈሽ ጻፊ፤ 28 ቀን ካለፈው ቀይሪው። ደመናማው ከሆነ መዳፍሽ መሃል ቀስ አድርገሽ አንከባልዪውና ወደ ብርሃን ያዥው። እንደ ወተት አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ነጭ ፍርፋሪ ብልቃጡ ላይ ከተለጠፈ አትውጊው። ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰም እንደዚሁ። መልኩ ደህና ሆኖም ስኳሩ ያለ ምክንያት እየወጣ ካስቸገረሽ፣ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ብልቃጡን ይዘሽ ሂጂ።

የሁለት ልጆች አባት፣ ቱሉ ዲምቱ፦
እኛን ያገኘን በረዶ ነው። መብራት ሲመጣ ቶሎ ይቀዝቅዝ ብዬ ኢንሱሊኑን ከፍሪዘሩ ሥር፣ ከጀርባው ግድግዳ አስጠግቼ አስቀመጥኩት። ሌሊቱን በረዶ ሆነ። ጠዋት ስለቀለጠልኝ ደህና መስሎኝ ልጄን ወጋሁት። በማግስቱ ስኳሩ ከ400 በላይ ወጣ፤ ያስመልሰዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ አፉ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ሮጠን ድንገተኛ ክፍል አደረስነው፣ ተመስገን ተረፈ። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። አሁን በሩ ላይ ነው የማስቀምጠው። እነዚህን ምልክቶች ካየሽ ነገ አትበዪ፣ ሌሊትም ቢሆን ውጪ።

ነርስ፣ የስኳር ክትትል ክፍል፦
ስለ ቪዲዮው እኔ ልመልስልሽ። ቴፕሊዙማብ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ዓይነት 1 የሚመጣው የሰውነት መከላከያ፣ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች ጠላት መስለውት ሲያጠፋቸው ነው። መድኃኒቱ ይህን ጥቃት ያዘገያል። በተከታታይ 14 ቀን በደም ሥር ይሰጣል። በፈረንጆች 2019 የታተመው ጥናት 76 ሰዎች ነበሩበት። ሁሉም የታመመ ዘመድ ያላቸው፣ እነሱ ግን ገና ኢንሱሊን ያልጀመሩ። የወሰዱት ላይ ሕመሙ ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ መጣ። አሜሪካ በኖቬምበር 2022 ስትፈቅደውም ለዚያ ደረጃ ላሉ ሰዎች ነው። አቤል ያን ደረጃ አልፎታል፣ ስለዚህ ለእሱ አይሆንም።

በ2025 ደግሞ ከግንድ ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ከሚችል ሴል) የተሠሩ ኢንሱሊን አመንጪ ሴሎች ከተሰጧቸው 12 ሰዎች 10ሩ ከዓመት በኋላ ያለ ኢንሱሊን ነበሩ። ደስ የሚል ዜና ነው፣ እኔም ሳነብ ተስፋ አድርጌያለሁ። ግን አዋቂዎች ናቸው፣ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒትም አብረው ይወስዳሉ። ለ9 ዓመት ልጅ ገና ነው። ዕቁቡን ለመለኪያ ስትሪፕ አውሉት። ባለቤትሽን አትቆጪው፣ ጭንቀት ነው።

ጋሽ ታዬ፣ ሰንዳፋ፦
ልጄ፣ እኔ 22 ዓመት ወግቻለሁ፤ ግማሹን ፍሪጅ አልነበረኝም። ሁለት ማሰሮ ግዢ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባ። በመሃላቸው አሸዋ ሙይና ጠዋትና ማታ ውኃ አርከፍክፊበት። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለሽ ውስጠኛው ውስጥ አድርገሽ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። ጥላ ይሁን፣ ነፋስ ያግኘው። በጋ ላይ ውስጡ እጅሽን ስትከቺ ይቀዘቅዛል። ክረምት ላይ አሸዋው ቶሎ አይደርቅም፣ ያኔ ግን ቤቱም ቀዝቃዛ ነው።

የአቤል እናት፣ ኮዬ ፈጬ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሦስቱንም አንከባልዬ አየኋቸው፣ ፍርፋሪ የለም። አሁን በሩ ላይ ናቸው። ጋሼ፣ ማሰሮውን የት እንደሚሸጡ እዚህ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ ቅዳሜ ልወጣ ነው። ነርሷ፣ የ5 ዓመት እህቱስ መመርመር አለባት?

ነርስ፣ የስኳር ክትትል ክፍል፦
ዋናው ምልክቱን ማወቅ ነው፦ ውኃ ማብዛት፣ ሽንት መመላለስ፣ አልጋ ማርጠብ መጀመር፣ መክሳት። አንዱን ካየሽ በዚያው ቀን አስለኪያት። የሰውነት መከላከያዋ ቆሽቷን ማጥቃት መጀመሩን በደም ስለሚያሳየው የአንቲቦዲ ምርመራ ደግሞ የአቤልን ሐኪም በቀጠሮው ቀን ጠይቂው።